ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ፦ ልጃቸውን ለድሃ ደረሳቸው የዳሩት ዓሊም

ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ (ረሒመሁላህ) ሲነሱ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ከሰባቱ የመዲና ፉቀሃዎች አንዱ መሆናቸውን ነው። ዛሬ ግን ደረሳ ያቀሩ የነበሩትን አስተማሪና ልጅ ያሳደጉትን አባት እናስታውስ።

የተወለዱት በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የኺላፋ ዘመን፣ በ15ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ነው። ዘራቸው ከቁረይሽ፣ ከበኒ መኽዙም ነው። አባታቸው ሙሰየብም አያታቸው ሐዝንም ሶሓቦች ነበሩ። ሐዝን ማለት ሸካራ መሬት ማለት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስሙን ሰህል፣ ማለትም ገር፣ ብለው ሊለውጡላቸው ቢፈልጉም፣ አያታቸው አባታቸው ያወጡላቸውን ስም መተው አልፈለጉም። ሰዒድም ያ ሸካራነት ከዚያ ወዲህ ከቤተሰባቸው እንዳልወጣ ይናገሩ ነበር።

ዕውቀትን የቀሰሙት ከታላላቅ ሶሓቦች ነው። ከዑስማን፣ ከዘይድ ኢብኑ ሳቢት፣ ከእናታችን ዓኢሻና ከሌሎችም (ረዲየላሁ ዐንሁም) ተምረዋል። አንዲት ሐዲስ ፍለጋ ቀንና ሌሊት ይጓዙ ነበር። ከሁሉም በላይ የቀረቧቸው አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ሲሆኑ ልጃቸውንም አግብተዋል። የሐዲስ አስተማሪያቸው አማታቸውም ነበሩ ማለት ነው።

ከዚያም እርሳቸው ራሳቸው በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ለማስተማር ተቀመጡ። ለአርባ ዓመታት የጀመዓ ሶላት እንዳላመለጣቸው ይወሳል። ዓይናቸውን ሲታመሙ ወደ ዐቂቅ ሸለቆ ወጥተው አረንጓዴ እንዲያዩ ተመከሩ። እርሳቸው ግን ዒሻንና ሱብሒን በመስጂድ መስገድ እንዳይቀርባቸው ብለው ሳይሄዱ ቀሩ። ኢማም ዙህሪ ለዓመታት ከሐለቃቸው አልተለዩም። ከበስራ የመጡት ዓይነ ስውሩ ቀታዳ ደግሞ ለቀናት በጥያቄ ወጥረው ስለያዟቸው፣ ያላቸውን ዕውቀት ሁሉ እንዳሟጠጡባቸው ነግረው አሰናበቷቸው።

ኑሯቸው በዘይት ንግድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከበይተል ማል የሚገባቸው ከ30,000 በላይ ተጠራቅሞ ሲጠብቃቸው እንኳ አልወሰዱትም። የገዢዎችን ገንዘብ የወሰደ ሰው በገዢዎች ፊት እውነትን ለመናገር እንደሚቸገር ያውቁ ነበር።

ሴት ልጃቸው ቁርኣንን በቃሏ የያዘች፣ ሱናንም ጠንቅቃ የምታውቅ ነበረች። ኸሊፋው ዐብዱል መሊክ ኢብኑ መርዋን ለአልጋ ወራሻቸው ለወሊድ ሊያጋቧት ጠየቁ። ሰዒድ አልተቀበሉም።

ከደረሶቻቸው መካከል ኢብኑ አቢ ወዳዓ የሚባል ድሃ ሰው ነበር። ለተወሰኑ ቀናት ከሐለቃው ጠፋ። ሲመለስ ሰዒድ የት እንደሰነበተ ጠየቁት። ሚስቱ ሞታበት በቀብርና በሐዘን ላይ እንደነበር ነገራቸው። ጀናዛው ላይ እንድንገኝ ለምን አልነገርከንም ብለው ወቀሱት። ሊነሳ ሲል ሌላ ትዳር አስቦ እንደሆነ ጠየቁት። ከሁለት ወይም ከሦስት ዲርሃም በላይ ለሌለው ሰው ማን ልጁን ይድራል ሲላቸው፣ እርሳቸው እንደሚድሩት ነገሩት። እዚያው አላህን አመስግነው፣ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት አውርደው በዚያችው መህር ኒካሑን አሰሩለት።

ደረሳው በደስታ የሚያደርገው ጠፋው። ከማን እንደሚበደር እያሰበ ቤቱ ገባ። ጾመኛ ነበርና ለማፍጠር ዳቦና ዘይት አቀረበ። በር ተንኳኳ። ማን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ሰዒድ የሚል መልስ መጣ። የሚያውቃቸውን ሰዒዶች ሁሉ በሐሳቡ ቆጠረ፤ አስተማሪው ግን አልመጡለትም። እርሳቸው ለአርባ ዓመታት በቤታቸውና በመስጂዱ መካከል ካልሆነ በቀር አይታዩም ነበርና። ሲከፍት ግን እርሳቸው ናቸው። ሚስት እያለችው ሌሊቱን ብቻውን እንዲያድር አልፈለጉም። ከኋላቸው የቆመችውን ልጃቸውን ወደ ቤት አስገብተው፣ በሩን ዘግተው ሄዱ።

ሙሽሪት ከሐፍረት ብዛት ወደቀች። እርሱም ዳቦና ዘይቱን እንዳታይበት ሳህኑን ከመብራቱ ጥላ ስር ሸሸገና ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጎረቤቶቹን ጠራ። እናቱም ሰምታ መጣች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሙሽሪትን አሰናዳቻት። ኢብኑ አቢ ወዳዓ በኋላ ሲናገር፣ በመልክም፣ በቁርኣን ሒፍዝም፣ የባልን ሐቅ በማወቅም የምትወዳደራት እንዳላገኘ መስክሯል። ከወር በኋላ ወደ ሐለቃው ሲመለስ ሰዒድ ሰዉ እስኪበተን ድረስ ምንም አላሉትም፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ስለ ልጃቸው ጠየቁት። እቤቱ ሲደርስ 20,000 ዲርሃም ላኩለት።

ከቤተ መንግሥት መራቃቸው ዋጋ አስከፍሏቸዋል። ለኸሊፋው ሁለት ልጆች ለወሊድና ለሱለይማን አስቀድሞ በይዓ እንዲገቡ ሲጠየቁ እምቢ አሉ። የመዲናው ገዢ ሂሻም ኢብኑ ኢስማዒል አስገረፋቸው፣ አሰራቸው፣ ሰውም አብሯቸው እንዳይቀመጥ ከለከለ። ለአስተማሪ ከጅራፉ ይልቅ ይህ ሳይከብድ አልቀረም። አጠገባቸው የሚቀመጥ ሲመጣ፣ በእርሳቸው ሰበብ እንዳይጎዳ ክልከላውን ነግረው ያስነሱት ነበር።

ሂሻም በኋላ ተሽሮ የበደላቸው ሰዎች እንዲበቀሉት በአደባባይ ቆመ። ሰዒድ ግን ልጃቸውንና ቤተሰባቸውን ሰብስበው፣ ማንም በቃል እንኳ እንዳይናገረው አዘዙ፤ ጉዳዩን ለአላህ ተዉት።

ቀጥለው መዲናን ያስተዳደሩት ዑመር ኢብኑ ዐብዱል ዐዚዝ ሰዒድን ሳይጠይቁ ፍርድ አይሰጡም ነበር። አንድ ቀን መልእክተኛቸው ተሳስቶ ሽማግሌውን ይዟቸው ሲመጣ፣ ዑመር የላኩት እዚያው በተቀመጡበት እንዲጠይቃቸው ብቻ እንደነበር ገልጸው ይቅርታ ጠየቁ።

ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ ያረፉት በ94ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና ውስጥ ነው። ብዙ ዓሊሞች ስለሞቱበት ያ ዓመት የፉቀሃዎች ዓመት ተብሏል። ጥቂት ዲናሮች ትተው ነበር፤ እነርሱንም ያኖሯቸው ክብራቸውንና ዲናቸውን ለመጠበቅ ብቻ እንደሆነ ለአላህ ተናግረዋል።

ልጆቻችንን ስንድር ስለ መህሩና ስለ ድግሱ ብዙ እንነጋገራለን። ሰዒድ የጠየቁት ሰውዬው ማን እንደሆነ ነው፤ እርሱን ደግሞ ከሐለቃቸው ያውቁት ነበር። ደረሳቸው ሲጠፋ የት ሄደ ብለው የሚጠይቁ ኡስታዞችን፣ ለልጆቻቸው ከሀብት በፊት ዲንን የሚያዩ ወላጆችን አላህ ያብዛልን። ለእርሳቸውም ይዘንላቸው። አሚን።