ጨርቅ ነጋዴው ኢማም

 

ኢማሙ አቡ ሐኒፋን (ረሒመሁላህ) በስም የማያውቅ ሙስሊም ብዙ አይገኝም። ከአራቱ መዝሀቦች የአንደኛው ባለቤት ናቸው። በወሎ ሐሪማዎች ደረሳው ጉልበቱን አጥፎ ሲቀራው የኖረው የሐነፊ ፊቅህ የእሳቸው መንገድ ነው። ስማቸው ሲነሳ ግን አብዛኞቻችን የምናስበው ኪታብና ፈትዋ ብቻ ነው። ዛሬ ስለ ሱቃቸው፣ ስለሚሄዱበት መንገድና ስለ ጎረቤታቸው እናውራ።

ስማቸው ኑዕማን ኢብኑ ሣቢት ነው። በ80 ዓመተ ሂጅራ ኢራቅ ውስጥ ኩፋ ከተማ፣ ዘሩ ከፋርስ ከሆነ ቤተሰብ ተወለዱ። ኸዝ የሚባል ውድ የሐር ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ወጣት ሳሉ ታላቁ ዓሊም ሸዕቢ አገኟቸውና ወደ ማን እንደሚመላለሱ ጠየቋቸው። ምልልሳቸው ወደ ገበያ መሆኑን ሲሰሙ፣ ንቁ ልጅ ስለመሰሏቸው ዑለማዎች ዘንድ እንዲቀመጡ መከሯቸው። ምክሩ ልባቸው ገባ። ሐማድ ኢብኑ አቢ ሱለይማን ዘንድ 18 ዓመት ቀሩ። መምህራቸው በ120 ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱ ሐለቃውን እሳቸው ተረከቡ። ንግዱን ግን አልተዉም። ስለ መሸጥና መግዛት ሕግ የሚያስተምሩት ሰው ራሳቸው ሻጭ ናቸው፤ ተማሪው ትምህርቱንም ሱቁንም ያያል። ይህ ቀላል ፈተና አይደለም።

ሐፍስ ኢብኑ ዐብዱረሕማን የሚባል ሸሪክ ነበራቸው። አንድ ጊዜ ዕቃ ሲልኩለት ከጨርቆቹ አንዱ እንከን እንዳለበት፣ ሲሸጥም ለገዢው እንዲነግር አሳሰቡት። ሐፍስ ረሳ፤ ሳይናገር ሸጠው። ገዢው ማን እንደነበረም አላወቀም። ኢማሙ ይህን ሲሰሙ የዚያን ዕቃ ዋጋ በሙሉ፣ የእንከኑን ድርሻ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም፣ ሶደቃ ሰጡት። አስቡት፤ ስህተቱ የሐፍስ ነው። እሳቸው አስቀድመው ተናግረዋል። ገዢውም ተመልሶ አልከሰሰም። በፊቅህ ከእሳቸው የተሻለ መውጫ መፈለግ የሚችል ማን ነበር? ግን ዕቃው የወጣው ከእሳቸው እጅ ነው። እኛ ስክሪኑ የተቀየረ ስልክ በቴሌግራም ስንሸጥ ገዢው ካልጠየቀ ዝም እንላለን፤ ሲመጣ ደግሞ አይቶ ነው የገዛው እንላለን።

ሌላ ቀን አንዲት ሴት የሐር ልብስ ልትሸጥላቸው መጣች። መቶ ጠራች። ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ነገሯት። መቶ ጨመረች፤ አሁንም ያንሳል አሏት። አራት መቶ ስትደርስም ያንሳል አሉ። የሚያፌዙባት መሰላት። ዋጋ የሚያውቅ ሰው ጠርታ እንድታስገምት አደረጉና በአምስት መቶ ገዙት። ገዢ ሆኖ በራስ ላይ ዋጋ መጨመር! አንዳንድ ወጣቶች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ነጋዴ እንዲህ ሆኖ ይከስራል ይላሉ። እሳቸው ግን አልከሰሩም። ከትርፋቸው የዑለማዎችንና የተማሪዎችን ቀለብና ልብስ ይችሉ ነበር። በኋላ ትልቅ ቃዲ የሆነው ድሃው ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ በእሳቸው ድጎማ ነው የተማረው።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው የመንገዱን ታሪክ ነው። ኢማሙ ከሸቂቅ ጋር እየሄዱ ሳለ አንድ ሰው ከሩቅ አያቸውና መንገድ ቀይሮ ተሸሸገ። እሳቸው ግን አይተውታል። ጠሩት። ለምን መንገድ እንደለወጠ ጠየቁት። ሰውየው አሥር ሺህ ዲርሃም ዕዳ እንዳለበት፣ ጊዜው እንደረዘመና መክፈል እንዳልቻለ፣ ስለዚህ እንዳፈረ ነገራቸው። ኢማሙ ደነገጡ። ነገሩ ሰው በእሳቸው ምክንያት መንገድ እስከ መሸሽ መድረሱ ከብዷቸው ዕዳውን በሙሉ ማሩት። እዚህ ላይ አላበቁም፤ እሳቸውን ሲያይ ልቡ ውስጥ ስለገባው ጭንቀት አውፍ እንዲላቸው ለመኑት። አበዳሪው ተበዳሪውን አውፍ በለኝ አለ! ገንዘብ መማር የሚችል ሀብታም ሞልቷል። የሰው ልብ ላይ የጣለውን ፍርሃት እንደ ዕዳ የሚቆጥር ግን ስንት ነው? ስልኩን የሚያጠፋብንን ተበዳሪ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ በስሙ ጠርተን የምናሳፍር እኛ፣ ይህን ታሪክ ቆም ብለን እናንብበው።

ሐለቃቸው ውስጥ አንድ ቀን ልብሱ ያረጀ ሰው ተቀምጦ ነበር። በሰው ፊት ምንም አላሉትም። ሰዉ እስኪበተን አቆዩትና መስገጃውን ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ሺህ ዲርሃም ወስዶ ራሱን እንዲያሻሽል ነገሩት። ሰውየው ሀብታም እንደሆነ፣ ገንዘቡም እንደማያስፈልገው መለሰ። እንግዲያውስ አላህ የሰጠውን ጸጋ ላዩ ላይ ያሳይ፤ ወዳጁ በሁኔታው እንዳያዝን ይልበስ ብለው መከሩት። ምክሩም ገንዘቡም የተሰጡት ማንም በሌለበት ነው።

ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊ ነበር። ቀን ይሠራል፤ ማታ ይጠጣል፤ ሲሞቀው ሰዎች እንደጣሉት የሚያማርር ዘፈን እየደጋገመ ይጮሃል። ኢማሙ ሌሊቱን ሶላት ላይ ናቸው፤ ድምፁ ይደርሳቸዋል። ሊከሱት ይችሉ ነበር፤ ምክንያትም ነበራቸው። አንድ ምሽት ድምፁ ጠፋ። ሌላው ሰው ቢሆን አልሐምዱሊላህ ብሎ ይተኛ ነበር። እሳቸው የት ሄደ ብለው ጠየቁ። የሌሊት ጠባቂዎች እንደያዙት ሲሰሙ ሱብሂ ሰግደው በቅሏቸው ላይ ወጡና ወደ አሚሩ ሄዱ። አሚሩ በክብር ተቀበላቸው፤ ለእሳቸው ሲል ጫማ ሰፊውን ብቻ ሳይሆን በዚያ ሌሊት የተያዙትን ሁሉ ለቀቀ። ሲመለሱ ሰውየው ከኋላ ይከተላል። ዘወር ብለው እነሱም ጥለውት እንደሆነ ጠየቁት። ለካ ዘፈኑን ይሰሙት ኖሯል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ተውበት አደረገ። መጠጡን ዝም ብለው አላጸደቁም፤ የጎረቤትን ሐቅ ግን መጠጡ አላስረሳቸውም።

የመጨረሻ ዘመናቸው ከባድ ነበር። በበኒ ኡመያ ጊዜ የኢራቁ ገዢ ኢብኑ ሁበይራ ሹመት እንዲቀበሉ አስገድዷቸው እምቢ ሲሉ ተገረፉ። በዓባሲዮች ዘመን ደግሞ ኸሊፋው አል መንሱር ወደ ባግዳድ አስጠርተው ቃዲ ይሁኑልን አሏቸው። ለቦታው እንደማይበቁ ተናገሩ። ኸሊፋው ውሸት ነው ሲሏቸው፣ እንግዲያው ውሸታም ቃዲ መሆን አይገባውም ብለው መለሱ። ታሰሩ። በ150 ዓመተ ሂጅራ ባግዳድ ውስጥ ወደ አኺራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

ሲሞቱ የተዉት ኑዛዜ ይተረካል፤ ከሰው በግፍ ባልተነጠቀ መሬት ላይ ቅበሩኝ የሚል ነበር። በዚህም ኸይዙራን በሚባለው መቃብር ተቀበሩ፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ በማዕረጋቸው አዕዞሚያ ይባላል። አል መንሱር የኑዛዜውን ነገር ሲሰሙ፣ ይህ ሰው በሕይወቱም በሞቱም እንዳልተዋቸው ተናገሩ ይባላል።