ጆን ሄንሪ ፓተርሰን፡ በፃቮ ጨለማ ሰው በላ አንበሶችን ያደነው መኮንን

በአውሮፓውያኑ 1898፣ በታኅሣሥ ወር አንድ ምሽት፣ አንድ የብሪታኒያ ጦር መኮንን በአራት እንጨቶች ላይ በቆመ ማማ ተቀምጦ ጨለማውን ያዳምጥ ነበር። ከፊቱ ለማባበያ የተቀመጠ የአህያ በድን ተጋድሟል። ጭራሮ ሲሰበር ሰማ፤ ቀጥሎም የተራበ አውሬ ረጅም እስትንፋስ ተሰማው። ዐይኑ ግን ምንም አላየም። አንበሳው አህያውን ትቶ ማማውን መዞር ጀመረ። አዳኙ ታዳኝ ሆነ።

መኮንኑ ጆን ሄንሪ ፓተርሰን ነው። በ1867 አየርላንድ ውስጥ ተወልዶ ገና በወጣትነቱ የብሪታኒያን ጦር ተቀላቀለ። በሕንድ ካገለገለ በኋላ ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ በሚዘረጋው የኡጋንዳ ባቡር መስመር ላይ እንዲሠራ ተመደበ። በመጋቢት 1898 ዛሬ ኬንያ በምትባለው ምድር ሲደርስ የተሰጠው ኃላፊነት ግልጽ ነበር፤ በፃቮ ወንዝ ላይ ድልድይ መሥራት።

ብዙም ሳይቆይ ሠራተኞች ከድንኳናቸው መጥፋት ጀመሩ። ፓተርሰን መጀመሪያ ላይ ወሬውን አላመነም። ኡንጋን ሲንግ የተባለው ብርቱ የሠራተኞች አለቃ ባልደረቦቹ እያዩ በአንበሳ ተጎትቶ ሲወሰድና አጽሙ በማግስቱ ሲገኝ ግን ጥርጣሬው አከተመ። ገዳዮቹ ጋማ የሌላቸው ሁለት ወንድ አንበሶች ነበሩ።

ካምፖቹ በረጃጅም የእሾህ አጥር ተከበቡ፤ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ይነድ ጀመር። አንበሶቹ ግን አጥሩን እየሾለኩ ገቡ፤ የታማሚዎች ድንኳን እንኳ አልቀራቸውም። ፓተርሰን ትናንት ሰው በተበላበት ቦታ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲጠብቅ፣ የዛሬው ጩኸት ከሩቅ ካምፕ ይሰማል። ጠመንጃ በእጁ ነው፤ ዒላማው ግን በጨለማ ተሸሽጓል። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ አንበሶቹ አውሬ ሳይሆኑ እርኩሳን መናፍስት ናቸው ብለው ማመን ጀመሩ።

ፓተርሰን ከባቡር ሐዲድ ብረት ወጥመድ ሠራ። በብረት ፍርግርግ በተከፈለው ወጥመድ አንደኛው ክፍል የታጠቁ ሰዎች ለማባበያነት ተቀመጡ። አንድ ሌሊት አንበሳው ገባ፤ መዝጊያውም ወደቀበት። ሰዎቹ በድንጋጤ ከቅርብ ርቀት ወደ ሃያ ጥይት ተኮሱ። አንዱም አንበሳውን በደንብ አላገኘውም፤ ይልቁንም አንደኛው ጥይት የመዝጊያውን ብረት ሰብሮ ለአውሬው መውጫ ከፈተለት።

በታኅሣሥ መጀመሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕንዳውያን ሠራተኞች በቃን አሉ። በሐዲዱ ላይ ተኝተው ባቡር አስቆሙና ተሳፍረው ሄዱ። የቀሩት በውኃ ታንከር ላይ፣ በጣሪያ ላይ፣ በድንኳናቸው ውስጥ በቆፈሩት ጉድጓድ ማደር ጀመሩ። የግዛቱ ታላቅ ፕሮጀክት በሁለት አንበሶች ምክንያት ሦስት ሳምንት ያህል ቆመ።

ፓተርሰን ማማው ላይ የተቀመጠው በዚህ ጊዜ ነበር፤ ዕለቱም ታኅሣሥ 9 ነው። አንበሳው ሁለት ሰዓት ያህል ዞረው። በመጨረሻ ጥላ የመሰለ ነገር ሲጠጋው ምላጩን ሳበ፤ ከዚያም ጸጥታ እስኪሰፍን ድረስ ወደ ድምፁ አቅጣጫ መተኮሱን ቀጠለ። ሲነጋ የተገኘው አንበሳ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ ሦስት ሜትር ገደማ ነበር፤ ለመሸከም ስምንት ሰዎች አስፈልገዋል። ሁለተኛው ቆስሎ እያመለጠ ከቆየ በኋላ በወሩ መጨረሻ ተገደለ። ከመገደሉ በፊት በነበረው ሌሊት ጨረቃ ነበረች። ድልድዩ በየካቲት 1899 ተጠናቀቀ።

ፓተርሰን ታሪኩን በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ ዝነኛ ሆነ። ቆዳዎቹን ለሩብ ምዕተ ዓመት ምንጣፍ አድርጎ ካቆየ በኋላ በ1924 ቺካጎ ለሚገኘው ፊልድ ሙዚየም በ5,000 ዶላር ሸጣቸው። አንበሶቹ ዛሬም እዚያው ይታያሉ።

የኋላ ሕይወቱም ጸጥ ያለ አልነበረም። በምሥራቅ አፍሪካ የዱር እንስሳት ኃላፊ ሳለ በ1908 አብሮት የተጓዘ አንድ እንግሊዛዊ በጥይት ሞተ፤ በአሟሟቱ ዙሪያ የተነዛው ሐሜት ለዓመታት ተከተለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በብሪታኒያ ሥር የተዋጉ የአይሁድ ወታደሮችን መራ። በስሙ የተሰየመው ዮናታን ኔታንያሁ በ1976 በኡጋንዳዋ ኢንቴቤ የተያዙ ታጋቾችን ለማስለቀቅ በተደረገው ዘመቻ ተገደለ። ፓተርሰን በ1947 ካሊፎርኒያ ውስጥ አረፈ፤ አመዱም በ2014 ወደ እስራኤል ተወስዶ ተቀበረ።

ፓተርሰንን ያስቸገረው ጨለማ ዛሬ ያን ያህል ድፍን አይደለም። ሞቃት ገላ ለዐይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ጨረር ይረጫል። ሙቀት ለይቶ የሚያሳይ መነጽር ይህን ጨረር ተቀብሎ ወደ ምስል ስለሚቀይር ጨረቃም ፋኖስም አያስፈልገውም። ማማውን ሲዞር የነበረው አንበሳ ከቀዝቃዛው ሣር ተለይቶ በደማቁ በታየ ነበር። ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ግን ሙቀትን ይጋርዳል፤ ስለዚህ ሌሊቱ ዛሬም ምስጢሩን ሁሉ አይሰጥም። በአንዳንድ አገሮች አዳኞች በዚህ መነጽር ሌሊት የዱር አሳማ ያድናሉ። ለመዝናኛ ማደን በ1977 በታገደባት ኬንያ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ በማሳይ ማራ ጠባቂዎች በቴክኖሎጂው የሚያስሱት ሕገ ወጥ አዳኞችን ነው።

መነጽር የማይመልሰው ጥያቄ ግን አለ። ፓተርሰን በመጽሐፉ 28 ሕንዳውያን መበላታቸውን ጻፈ፤ ኋላ ላይ የሟቾቹን ቁጥር 135 አደረሰው። በ2009 የአንበሶቹን አጥንትና ጸጉር የመረመሩ ሳይንቲስቶች ደግሞ 35 ገደማ ሰዎች እንደተበሉ ገመቱ። ቁጥሩ የሚለያይበት አንዱ ምክንያት ራሱ መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ የተበሉትን አፍሪካውያን በመዝገብ ያሰፈረ ሰው አልነበረም። የአንበሶቹ ቁመት በኢንች ተለክቶ ተጽፏል። የእነዚያ ሰዎች ስም ግን ከፃቮ ጨለማ ሳይወጣ ቀርቷል።