ማረፊያ በታጣ ጊዜ፦ የካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ሕይወትና የተጎታች ገመድ ጥናት

ስዊድናዊው አብራሪ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተወለዱት በነሐሴ 1901 ዓ.ም. ነው። ታሪካቸው በአብዛኛው የሚነገረው ከእርዳታና ከጦርነት ጋር ተያይዞ ነው። ለአየር ምሕንድስና ተመራማሪ ግን ሕይወታቸው አንድ ያልተቋጨ ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም አውሮፕላን ማረፊያ ሳያሻው እንዴት ሊያገለግል ይችላል የሚለው ነው።

ፎን ሮዘን በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን በቀይ መስቀል አብራሪነት ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከመርሳና ከወልዲያ በስተሰሜን፣ ከቆቦና ከአላማጣ ባሻገር የምትገኘው ኮረም በዚያን ጊዜ የሰሜኑ ግንባር ዋና ሰፈር ነበረች። ፎን ሮዘን ያበረሩት የቀይ መስቀል ፎከር አውሮፕላን በመጋቢት ወር በኮረም ሜዳ ላይ እንደ ቆመ በጣሊያን አውሮፕላኖች ወደመ። አውሮፕላኑ የጠፋው በበረራ ላይ ሳይሆን ካረፈ በኋላ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተመልሰው ለአሥር ዓመት ያህል በቢሾፍቱ የኢትዮጵያ አየር ኃይልን በማደራጀትና አብራሪዎችን በማሠልጠን አገለገሉ። በ1960 ዓ.ም. ዝቅ ብለው በመብረር በከበባ ላይ ለነበረችው ቢያፍራ እርዳታ አደረሱ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ትናንሽ ኤምኤፍአይ 9 አውሮፕላኖችን በሮኬት አስታጥቀው የናይጄሪያን የአየር ማረፊያዎች አጠቁ። ይህ ተግባር ከእርዳታ አብራሪነታቸው ጋር የሚጋጭ ሆኖ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በስሌት ረገድ ግን የኮረሙ ድርጊት ተገላቢጦሽ ነበር፤ ዒላማ ያደረጉት መሬት ላይ የቆመን አውሮፕላን ነውና።

በ1966 ዓ.ም. ገደማ በተከሠተው ረኀብ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በትናንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር የእህል ከረጢት በማንጠልጠል፣ ዝቅ ብለው እየበረሩ መንገድ ለማይደርስባቸው መንደሮች ይጥሉ ነበር። በዚህ ዘዴ የጥያቄው ግማሽ ተመለሰ፤ ሳያርፉ መስጠት ተቻለ። ሳያርፉ መቀበል ግን ሳይፈታ ቀረ።

ለዚህ ለሁለተኛው ግማሽ መነሻ የሚሆን ዘዴ አስቀድሞ በኢኳዶር ተሞክሮ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የሞቱት አሜሪካዊ ሚስዮናዊ አብራሪ ኔት ሴይንት ረጅም ገመድ ከአውሮፕላን አውርደው በክብ ሲዞሩ፣ በገመዱ ጫፍ ያለው ቅርጫት ከሞላ ጎደል ባለበት ይረጋ ስለነበር፣ በመሬት ያሉ ሰዎች ዕቃ ያወጡበትና ይከቱበት ነበር።

አነስተኛ ሰው አልባ አውሮፕላንን በአየር ላይ ለመያዝ የሚደረገው ጥናትም በዚሁ መርሕ ላይ ያርፋል። ለምሳሌ እናት አውሮፕላኑ በ200 ሜትር ሬዲየስ፣ በሰከንድ 30 ሜትር ቢዞርና የገመዱ ጫፍ በ80 ሜትር ሬዲየስ ቢከተለው፣ ሁለቱም አንዱን ዙር በእኩል ጊዜ ስለሚጨርሱ የጫፉ ፍጥነት በሰከንድ 12 ሜትር ብቻ ይሆናል። ድሮኑም በዚህ ዝግ ያለ ፍጥነት ቀርቦ ሊያያዝ ይችላል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ አንድ ሲ 130 አውሮፕላን ኤክስ 61 የተባለውን ሰው አልባ አውሮፕላን በአየር ላይ ይዞ ወደ ውስጡ ማስገባቱ፣ ዘዴው የተለየ ቢሆንም፣ ሐሳቡ በተግባር ሊውል እንደሚችል አሳይቷል።

ዋናው ፈተና ነፋስ ነው። ነፋስ የገመዱን ጫፍ ምኅዋር ያዘነብለዋል፤ ጫፉም በእያንዳንዱ ዙር ከፍና ዝቅ ይላል። ከሐብሩ ቆላ ወደ ደጋው በሚወጣው ተዳፋት ላይ የሚደረግ ሙከራ ይህን መለዋወጥ በቅድሚያ ሊያሰላ ይገባል። ሜዳ ብርቅ በሆነበት በዚህ መልክዓ ምድር ግን የዘዴው ጥቅም የሚጎላውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፎን ሮዘን ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በጎዴ፣ በሶማሊያ ኃይሎች ጥቃት ተገደሉ። በአየር ላይ ብዙ አደጋ ያለፉት አብራሪ ሞት ያገኛቸው በመሬት ላይ ሳሉ ነበር።