የባሕርን እንስሶች የሣለ ሰው

ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1810 ዓመት በእንግሊዝ አገር ተወለደ። አባቱ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ የሰውን መልክ በትንሹ እየሣለ የሚኖር ድኻ ሠዓሊ ነበረ። ልጁም ሥዕልን ከእርሱ ተማረ፤ ባደገም ጊዜ ይህን ጥበብ የባሕርን እንስሶች ለመሣል አዋለው።

የባሕር ውኃ ወደ ኋላው በሸሸ ጊዜ በዳር ባሉት ዓለቶች ጕድጓድ ውስጥ ጥቂት ውኃ ይቀራል። በዚያም ሸርጣንና አበባ የሚመስሉ እንስሶች ይኖራሉ። ጎስ እነዚህን በመስተዋት ሣጥን እያኖረ ኑሯቸውን በትዕግሥት ተመለከተ፤ መልካቸውንም በቀለም ሣለ። በ1854 ዓመት አኳሪየም የሚባል መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ ብዙ ሰዎች በሥዕሉ ተደነቁ።

በ1857 ዓመት ሚስቱ ኤሚሊ ሞተችበት። እርሱም ስምንት ዓመት የሚሆነውን ልጁን ኤድመንድን ይዞ ዴቨን በሚባለው አገር በባሕር አጠገብ ተቀመጠ። እናት የሌለው ልጅና ኀዘንተኛው አባት አብረው ወደ ዓለቶቹ ይወርዱ ነበር። ኤድመንድም እንደ አባቱ ትንንሽ መጽሐፎች እያዘጋጀ ይሥል ጀመር። ነገር ግን ማንም ያላያቸውን እንስሶች ከልቡ እያሰበ በልዩ ልዩ ቀለም አስጌጣቸው። እውነተኞቹን እጅግ ይመስሉ ስለ ነበረ አባቱ ባያቸው ጊዜ ግራ ተጋባ፤ እርሱ ያላየውን አይሥልም ነበርና። ሆኖም ያው ልጅ በ1859 ዓመት፥ ገና ዘጠኝ ዓመት ሳለ፥ ሊቃውንት ያላወቁትን አንድ እውነተኛ የባሕር እንስሳ በዓለት ላይ አገኘ። በሐሳቡ ብዙ የሚያይ ልጅ በዓይኑም አጥብቆ ማየትን ከአባቱ ተምሮ ነበር።

ከዚህ በኋላ ግን የሚያሳዝን ነገር ሆነ። የጎስን መጽሐፎች ያነበቡ ሰዎች ወደ ባሕር ዳር እየጐረፉ እንስሶቹን ከዓለቱ እየነቀሉ ወሰዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአበባ የተሞላ አትክልት ይመስሉ የነበሩት ጕድጓዶች ባዶ ሆኑ። ጎስ ይህን አይቶ እጅግ አዘነ፤ ሰዎች እንዲወድዱት ብሎ ያሳየው ውበት በዚያው በፍቅራቸው ጠፍቷልና። በ1888 ዓመትም ሞተ። ኤድመንድ ግን አድጎ ጸሓፊ ሆነ፤ ስለ አባቱና ስለ ጠፋውም ውበት በ1907 ዓመት በመጽሐፍ ጻፈ።

ልጆች ሆይ፥ ያማረ ነገር ባያችሁ ጊዜ ቀርባችሁ ተመልከቱ፥ ሣሉትም፤ ነገር ግን በስፍራው ተዉት። ሥዕሉ ለእናንተ ይበቃል፤ ፍጥረቱም ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ልጅ ይቈያል። ዓይን ይጥገብ፥ እጅ ግን ይታገሥ።