ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በትምህርት ቤት ኃላፊነት

እዚህ ሪያድ በትርፍ ጊዜያችን የወገን ልጆችን ስናስተምር ለከፍተኛ ክፍል የተዘጋጀ ጓድ የሕፃናት ክፍል ኃላፊ ሁን ሲባል ማፈግፈጉ በየስብሰባው ያከራክረናል። የሐኪም ወርቅነህን ታሪክ በዚህ እትም ማቅረባችንም ስለዚህ ነው።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ከወላጆቻቸው ተለይተው በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ገቡ። ሕንድ አድገው በ1874 ዓ.ም. ላሆር ላይ በሕክምና ተመረቁ፤ ስኮትላንድም ተምረው በርማ አገለገሉ። በ1892 ዓ.ም. አገራቸውን ሲረግጡ አማርኛ አይናገሩም ነበር። አያታቸውም የለዩዋቸው በገላቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ነው።

በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪነቱ ተሰጣቸው። ዕድሜያቸው ወደ 60 ተጠግቶ ነበር። ሐኪምነትንና ዳኝነትን ያውቃሉ፤ ትምህርት ቤት ማስተዳደር ግን አዲስ ሥራ ነው። ትምህርቱ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ሲሰጥ በአማርኛ የተጻፈ ዘመናዊ የመማሪያ መጽሐፍ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ሐኪሙ በዚህ ምክንያት ሌላ ደራሲ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ በ1920 ዓ.ም. የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ። ቋንቋውን በጎልማሳነታቸው የተማሩ ሰው ይህን ማድረጋቸው እኛን ከሹመታቸው ሁሉ ይበልጥ ያስገርመናል።

በዚህም አላበቁም። ነፃ ለወጡ ባሮች ልጆች በአዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤትም መሩ። የመኳንንት ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት የመራ ሰው ከቤተሰቦቻቸው ማንም ቀለም ቆጥሮ የማያውቅ፣ ራሳቸውም ምግብና ልብስ ከፊደል እኩል የሚያስፈልጋቸው ልጆች ዘንድ ሲሄድ የቀድሞው ልምድ ብቻውን አይበቃውም። እርግጥ ሐኪሙ የሥርዓቱ ሹም ነበሩ፤ ይህን አንሸፍንም። ነገር ግን ይህን ሥራ ከክብራቸው በታች አላደረጉትም። ኋላም የጨርጨር ገዢ ሆነው ሲሾሙ አሰበ ተፈሪ ላይ ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ሄዱ፤ በወረራውም ዘመን እዚያው ስለ አገራቸው ተሟገቱ። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ከግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ በፋሺስቶች ተገደሉ። አባትየው በ1934 ዓ.ም. ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አረፉ።