ሊዮ ቤክላንድና ድንገተኛው ሀብት

ድንገት የመጣ ገንዘብ ለብዙ ሰው ከችግር ያላነሰ ፈተና ነው። ችግር ሰውን በግድ ያሠራዋል፤ ያልታሰበ ሀብት ግን የሥራ ልማዱንና ዓላማውን ሊያስጥለው ይችላል። ይህን ፈተና በሚገባ ካለፉት የሞያ ሰዎች አንዱ የቤልጂክ ተወላጅ የሆነው ኬሚስት ሊዮ ቤክላንድ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤክላንድ በ1863 በጌንት ከተማ ከአንድ ጫማ ሠሪ ተወለደ። በትምህርቱ እጅግ የላቀ ስለ ነበረ ገና በ21 ዓመቱ ከከተማው ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። በ1889 የመምህሩን ልጅ ሴሊን ስዋርትስን አግብቶ በተሰጠው የጉዞ ሽልማት ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በዚያም ቀረ። በአንድ የፎቶግራፍ ዕቃ አምራች ኩባንያ ጥቂት ጊዜ ካገለገለ በኋላ በ1891 ራሱን ችሎ አማካሪ ኬሚስት ሆነ። ይሁን እንጂ ብዙ የፈጠራ ሐሳቦችን ባንድ ጊዜ ይዞ አንዱንም ከፍጻሜ ሳያደርስ ታመመ፤ ገንዘቡም አለቀ። በዚህ ጊዜ ሌላውን ሁሉ ትቶ ይበልጥ ተስፋ ያለውን አንዱን ብቻ ለመከታተል ቈረጠ።

ይኸውም ቬሎክስ የተባለው የፎቶግራፍ ወረቀት ነበር። በጊዜው የነበሩት ወረቀቶች ባብዛኛው የፀሐይን ብርሃን የሚጠብቁ ሲሆኑ ቬሎክስ ግን በመብራት ብርሃን ይታተም ነበር። ቤክላንድ ከሊዮናርድ ጃኮቢ ጋር ሆኖ በ1893 ማምረት ቢጀምርም ዓመቱ የገንዘብ ቀውስ የደረሰበት ስለ ነበረ ገበያው ቶሎ አልተከፈተም። በ1899 ግን የኮዳክ መሥራች ጆርጅ ኢስትማን ኩባንያውን ገዛው። ዋጋውም 750,000 ዶላር ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። ቤክላንድ ከዚህ ድርሻውን ተቀብሎ በ35 ዓመቱ ባለጸጋ ሆነ።

በዚያ ዕድሜ ሥራ ትቶ መኖር ይቻለው ነበር። እርሱ ግን በዮንከርስ ከተማ በሁድሰን ወንዝ አጠገብ ለቤተሰቡ ሰፊ ቤት ከገዛ በኋላ በዚያው ግቢ የራሱን ላቦራቶሪ አደራጀ። ወደ ፎቶግራፍ ምርምር እንዳይመለስ በሽያጩ ውል ስለ ተገደበ አዲስ ዕውቀት መቅሰም እንዳለበት ተገነዘበ። በ1900 ወደ በርሊን ሄዶ በሻርሎተንቡርግ የቴክኒክ ተቋም ኤሌክትሮኬሚስትሪ አጠና፤ ሀብታሙ ዶክተር እንደገና ተማሪ ሆነ ማለት ነው። ከተመለሰም በኋላ በናያጋራ ፏፏቴ ለተቋቋመው የሁከር ኤሌክትሮኬሚካል ፋብሪካ አማካሪ ሆኖ ሠራ። በዚህ ሥራም አዲሱ የኤሌክትሮሊሲስ መሣሪያ ዋናው ፋብሪካ ከመሠራቱ በፊት በአነስተኛ የሙከራ ጣቢያ ተፈተነ። ስሕተት በትንሹ ቢፈጸም ጉዳቱም ትንሽ ነውና።

ቀጥሎ ያተኰረው በሼላክ ምትክ ላይ ነበር። ሼላክ በእስያ የሚገኝ ነፍሳት የሚያመነጨው ሙጫ ሲሆን የኤሌክትሪክ ኢንዱስትሪ በመስፋፋቱ ፈላጊው በዝቶ ነበር። ከፌኖልና ከፎርማልዲሃይድ ውሕደት የሚገኘውን ደረቅ ዝቃጭ ቀደምት ኬሚስቶች ዕቃ አበላሽ ነው ብለው ትተውት ነበር። ቤክላንድ ግን ሙቀትንና ግፊትን በመቈጣጠር ጠንካራ፣ በሙቀት የማይቀልጥና ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር አወጣበት። በ1907 የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1909 ውጤቱን ለአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ገለጠ፤ በ1910 ኩባንያ አቋቋመ። ባክላይት ከማብሪያ ማጥፊያ እስከ ስልክና ራዲዮ ሣጥን ድረስ ዓለምን አዳረሰ። ኩባንያው በ1939 ለዩኒየን ካርባይድ ተሸጠ፤ ቤክላንድም በ1944 ዐረፈ።

ከቬሎክስ ሽያጭ እስከ ባክላይት ስምንት ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ገንዘቡ ለቤክላንድ የገዛለት ትልቁ ነገር ጊዜ ነበር፤ ሳይቸኵል ለመማር፣ ለመሞከርና የማያዋጣውን ለመተው የሚበቃ ጊዜ። ያልታሰበ ሲሳይ የደረሰው የሞያ ሰው ከዚህ ሕይወት የሚያገኘው ትምህርት ይህ ነው፦ ቤተሰብን ካሳረፉ በኋላ ቀሪውን ለዕውቀትና ለሥራ ማዋል ሀብቱን ከማቈየት አልፎ ያበዛዋል።