ማርቲን ክኑድሰን

ማርቲን ሃንስ ክርስቲያን ክኑድሰን (ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1871 – ሜይ 27 ቀን 1949 እ.ኤ.አ.) ዴንማርካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በሁለት ሥራዎቹ ይታወቃል፦ አየር በሳሳበት ቦታ ጋዞች እንዴት እንደሚፈሱ ባደረገው ምርምርና የባሕር ውሃን ጨዋማነት በትክክል ለመለካት በዘረጋው ሥርዓት። የመጀመሪያው ሥራ ስሙን በፊዚክስ መጻሕፍት ውስጥ አስቀርቶታል። ሁለተኛውን ግን ስሙን ሳያውቁ የሚጠቀሙበት ሰዎች ይበዛሉ። መርከብ ላይ ያለ ተመራማሪ መለኪያውን የሚያመሳክርበት «መደበኛ የባሕር ውሃ» የክኑድሰን ሥራ ነው፤ በቤቱ የባሕር ዓሣ የሚያረባ ሰው የሚያነበው ቁጥርም ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ውሃ ይመለሳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ትውልድና ትምህርት

ክኑድሰን የተወለደው ፊውን በተባለው የዴንማርክ ደሴት፣ ሃስማርክ በሚባል ሥፍራ ነው። በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አጥንቶ በ1896 ተመረቀ። ትምህርቱን ገና ሳይጨርስ ባሕር ላይ ወጥቶ ነበር። በ1895 እና በ1896 «ኢንጎልፍ» የተባለችው የዴንማርክ ባሕር ኃይል መርከብ በአይስላንድና በግሪንላንድ ዙሪያ ባደረገችው የጥናት ጉዞ ላይ የውሃውን ሁኔታ የመመርመር ሥራ የእርሱ ነበር። የጨዋማነትን ጉዳይ የዕድሜ ልክ ሥራው ያደረገው ከዚህ ጉዞ ጀምሮ ነው።

የጨዋማነት ችግር

የባሕርን ጨው መለካት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። መጀመሪያ የሚታሰበው ዘዴ ውሃውን አፍልቶ፣ አድርቆ፣ የቀረውን መመዘን ነው። በውሃ ለተበጠበጠ የገበታ ጨው ይህ ይበቃል፤ ለባሕር ውሃ ግን አይሆንም። በባሕር ውሃ ውስጥ ያለው የማግኒዚየም ጨው ውሃን አጥብቆ ስለሚይዝ በቀላሉ አይደርቅም። አብዝተው ካሞቁት ደግሞ ይበላሽና ከክሎሪኑ ከፊሉ ከእንፋሎቱ ጋር ያመልጣል። ስለዚህ አንዱን ውሃ ሁለት ሰዎች ቢያደርቁት ሁለት የተለያየ ክብደት ሊያገኙ ይችላሉ። ሌላው መንገድ እፍግታውን፣ ማለትም የአንድ ሊትሩን ክብደት፣ በሃይድሮሜትር መለካት ነበር። ይህም ቢሆን ውሃው በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ይለዋወጣል።

በአንድ ኪሎ ግራም የውቅያኖስ ውሃ ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ከጥልቅ የተቀዳ ውሃ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የሚረዳው ግን ከአንድ ግራም በመቶኛ የሚቆጠር ልዩነት ነው። የአንዱ አገር መለኪያ ከሌላው ካልተስማማ፣ በሁለት ባሕሮች መካከል የታየው ልዩነት የውሃው ይሁን የመለኪያው ማንም ሊለየው አይችልም።

መውጫውን የጠቆሙት ኬሚስቶች ነበሩ። አሌክሳንደር ማርሴ በ1819፣ ከዚያም ዊልያም ዲትማር «ቻሌንጀር» የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከመላው ዓለም የሰበሰበቻቸውን 77 የውሃ ናሙናዎች መርምሮ በ1884 እንዳሳዩት፣ የውቅያኖስ ውሃ ጨው ቢበዛበትም ቢያንስበትም በውስጡ ያሉት ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች እርስ በርስ ያላቸው ምጣኔ አይለወጥም ለማለት ይቻላል። እንግዲያው ሁሉንም መመዘን አያስፈልግም፤ አንዱን በትክክል ለክቶ ሌላውን ማስላት ይበቃል። ለመለካት የሚመቸው ደግሞ ክሎሪን ነው።

የ1901 ሠንጠረዦች

በ1899 የሰሜን ባሕሮችን የሚያጠኑ አገሮች በስቶክሆልም ጉባኤ አደረጉ። ክኑድሰን ያን ጊዜ 28 ዓመቱ ነበር። በጨዋማነት፣ በክሎሪንና በእፍግታ መካከል ያለው ግንኙነት እንደገና እንዲጠና፣ ሁሉም የሚሠራበት አንድ ሠንጠረዥ እንዲዘጋጅና ማመሳከሪያ የሚሆን ውሃ ለየአገሩ እንዲታደል ሐሳብ አቀረበ። ሥራውንም ራሱ መራው። አብረውት ከሠሩት አንዱ ሶረንሰን ነው፤ ይኸው ሰው በ1909 የአሲድነት መለኪያ የሆነውን ፒኤች ለዓለም ያስተዋወቀው ነው። የዓሣ ገንዳ ያለው ሰው በየሳምንቱ ከሚለካቸው ነገሮች ሁለቱ በዚህ መንገድ ከኮፐንሃገን የመጡ ናቸው።

ለጥናቱ የተመረመሩት ናሙናዎች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ከባልቲክና ከአካባቢው ባሕሮች የተቀዱ ሲሆኑ፣ እጅግ ጨዋማው ውሃ የመጣው ከቀይ ባሕር ነው። ከዚህ የተገኘው ቀመር ጨዋማነት ከ0.030 እና ከክሎሪኑ መጠን በ1.805 ተባዝቶ ድምር ጋር እኩል ነው ይላል። እንከኑ ለማንም ይታያል፦ ክሎሪን ፈጽሞ በሌለበት ውሃ ውስጥ እንኳ ጥቂት ጨው አለ ማለቱ ነው። ምክንያቱ ባልቲክ ነው፤ ወደዚያ የሚገቡ ወንዞች ክሎሪን የሌለበት ኖራ ይዘው ይመጣሉ። ቢሆንም በ1901 የታተሙት የክኑድሰን ሠንጠረዦች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በየመርከቡና በየቤተ ሙከራው አገልግለዋል።

ዘዴው

አሠራሩ የሚከተለው ነው። ክኑድሰን በነደፈው ፒፔት 15 ሚሊ ሊትር ያህል የባሕር ውሃ ተቀድቶ ቢጫ የፖታሲየም ክሮሜት ጠብታ ይጨመርበታል። ከዚያ በሊትር 37 ግራም ያህል ሲልቨር ናይትሬት ያለበት ፈሳሽ ከቡሬት ቀስ እያለ ይንጠባጠብበታል። የብሩ ቅንጣት ከክሎሪን ጋር እየተያያዘ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ክሎሪኑ ሲያልቅ የተረፈው ብር ከክሮሜቱ ጋር ይገናኝና ፈሳሹ ወደ ቀይ ያደላል። ያን ጊዜ ቡሬቱ ተዘግቶ ቁጥሩ ይነበባል። መርከብ ስትወዛወዝ እንኳ በእጅ ይሠራ የነበረው ይህ ዘዴ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ጨዋማነትን በኪሎ ከ0.02 ግራም ባልራቀ ስሕተት ይሰጥ ነበር።

የዘዴው ጥንካሬ ከመስታወት ዕቃው ይልቅ በንጽጽሩ ላይ ነው። ለካኙ በመጀመሪያ ጨዋማነቱ የታወቀውን መደበኛ ውሃ፣ ቀጥሎ የራሱን ናሙና፣ በዚያው ፒፔትና በዚያው ፈሳሽ ይለካል። የብሩ ፈሳሽ ትንሽ ቢወፍር ወይም ፒፔቱ ከልኩ ትንሽ ቢያልፍ፣ ስሕተቱ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ በስሌቱ ይጣፋል።

መደበኛው ውሃ

መደበኛው ውሃ ከሰሜን አትላንቲክ ይቀዳ ነበር፤ ይጣራ፣ ጨዋማነቱ ወደ 35 እንዲጠጋ ይስተካከል፣ ክሎሪኑም በጥንቃቄ ይለካ ነበር፤ በመጨረሻም እንዳይተን በመስታወት ቱቦ ታሽጎ ልኩ ይጻፍበት ነበር። በ1902 ዓለም አቀፉ የባሕር ምርምር ምክር ቤት ሲቋቋም፣ ሥራው ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ከተማ በፍሪቾፍ ናንሰን ይመራ ለነበረው ማዕከላዊ ቤተ ሙከራ ተሰጥቶ ነበር። ያ ቤተ ሙከራ በ1908 ሲዘጋ ክኑድሰን ወደ ኮፐንሃገን ወሰደው፤ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽም እዚያው ቆየ።

አንድ ሥጋት ግን ነበር። እያንዳንዱ አዲስ ውሃ የሚለካው ከቀደመው ጋር ተነጻጽሮ ከሆነ፣ ትንንሽ ስሕተቶች ከትውልድ ትውልድ ሊጠራቀሙ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ክምችት ቢያልቅ ደግሞ የሚመለሱበት መነሻ አይኖርም። የኬሚስቶች የአቶም ክብደት ሠንጠረዥም በየጊዜው ይታረም ነበር። ክኑድሰን ከ60 ዓመቱ በኋላ ወደዚህ ችግር ተመለሰ። በ1937 አዲስ ዋና መደበኛ ውሃ አዘጋጀ። ከጃኮብሰን ጋር በ1940 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ የክሎሪኑ መጠን ከንጹሕ ብር ክብደት ጋር እንዲተሳሰር አደረገ፦ በ328.5 ግራም ያህል የባሕር ውሃ ውስጥ ያለውን ክሎሪንና መሰሎቹን ለማዝቀጥ የሚያስፈልገው ብር በግራም ሲመዘን የክሎሪኑ ልክ እርሱ ነው። ከእንግዲህ ቱቦዎቹ ሁሉ ቢሰበሩ እንኳ ልኩን ከብር ተነሥቶ መልሶ ማግኘት ይቻላል። ከሥራዎቹ ሁሉ አርቆ አሳቢነቱ የሚታየው ምናልባት በዚህ ነው።

ሌሎች ሥራዎቹ

ከ1909 ጀምሮ ስለ ሳሱ ጋዞች ባወጣቸው ጽሑፎች፣ የጋዝ ቅንጣቶች እርስ በርስ ከመጋጨት ይልቅ ከቱቦው ግድግዳ ጋር በሚጋጩበት ጊዜ ፍሰቱ የተለየ ሕግ እንደሚከተል አሳየ። «የክኑድሰን ቁጥር» እና «የክኑድሰን ፍሰት» የሚባሉት ከዚያ የመጡ ናቸው። በ1911 በብራስልስ በተደረገው የመጀመሪያው የሶልቬይ ጉባኤ ተካፍሏል። በ1912 በኮፐንሃገን ፕሮፌሰር ሆነ፤ በዚያው ዓመት ከማንቸስተር የተመለሰው ወጣቱ ኒልስ ቦር ለአጭር ጊዜ ረዳቱ ነበር። ከ1917 እስከ 1945 የዴንማርክ ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። በኮፐንሃገን በ78 ዓመቱ ሞተ።

ከእርሱ በኋላ

በ1960ዎቹ ያ 0.030 ከቀመሩ ወጣ፤ ጨዋማነት በቀጥታ የክሎሪን 1.80655 እጥፍ ሆነ። ወዲያው የብር ፈሳሹ ራሱ ቦታውን ለኤሌክትሪክ ለቀቀ፤ ጨው የበዛበት ውሃ ኤሌክትሪክ በተሻለ ስለሚያስተላልፍ መለኪያው ፈጣንና ይበልጥ ረቂቅ ነው። የ1978ቱ የጨዋማነት ሚዛን በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 32.4356 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ባለው ፈሳሽ ላይ የተመሠረተ ነው። የመደበኛው ውሃ ዝግጅትም ወደ ብሪታንያ ተዛወረ። የተለመደው ግን አልቀረም፤ አዲሶቹ መሣሪያዎችም ከመለካታቸው በፊት በታሸገው ውሃ ይመሳከራሉ።

በቤት ውስጥ ገንዳ

ይኸው ሕግ ከባሕር ርቆ ለሚሠራ ሰው የበለጠ ያስፈልጋል። በካፋ ዞን ሺሺንዳ ውስጥ አንድ ተማሪ የባሕር ዓሣና ኮራል የሚያኖር ገንዳ ቢያዘጋጅ ውሃውን ራሱ መሥራት አለበት፤ ከባሕር ቀድቶ ማወዳደር አይችልም። ኮራልና የባሕር ኮከብ የሰውነታቸውን ፈሳሽ ጨው ራሳቸው አያስተካክሉም፤ በዙሪያቸው ያለውን ውሃ ይከተላሉ። ስለዚህ የመለኪያው ስሕተት የእነርሱ ጉዳት ይሆናል።

ለ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የተሠራ ሃይድሮሜትር የደጋ ማለዳ ባቀዘቀዘው የ18 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ቢገባ፣ ጨዋማነቱን በኪሎ ከ2 ግራም በላይ አብዝቶ ያሳያል። ብርሃን በውሃ ውስጥ ሲያልፍ የሚያደርገውን መታጠፍ የሚለካው ሪፍራክቶሜትርም ብዙ ጊዜ የተሠራው ለገበታ ጨው ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ 35 የሆነውን የባሕር ውሃ 36.5 ብሎ ያነባል፤ በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ ማስተካከልም ይህን አያርመውም። የተሻለው በ35 አካባቢ ማመሳከር ነው። 36.5 ግራም ንጹሕ ሶዲየም ክሎራይድ በ963.5 ግራም የተጣራ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ፣ ብርሃንን ልክ እንደ 35 የባሕር ውሃ ያጥፋል። ይህ በቤት የሚሠራ ትንሽ የክኑድሰን ቱቦ ነው ማለት ይቻላል፤ ሚዛኑ ትክክለኛ ከሆነ።

ማመሳከሪያ መሆን ሌላ፣ መኖሪያ መሆን ሌላ ነው። ከአፋር ተቆርጦ አሞሌ እየሆነ እስከ ካፋ ገበያ ይደርስ የነበረው ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ከንጹሑ ሶዲየም ክሎራይድ 35 ግራሙን በአንድ ኪሎ ፈሳሽ ውስጥ አሟሙቶ በክኑድሰን ዘዴ የሚለካ ሰው፣ ቀመሩ ከ38 በላይ ይነግረዋል፤ የክሎሪኑ ድርሻ ከባሕር ጨው ስለሚበልጥ ነው። በስምጥ ሸለቆ ባሉት የሻላና የአቢጃታ ሐይቆች ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በእነርሱ ውስጥ የሚበዛው የሶዲየም ካርቦኔትና ባይካርቦኔት ጨው ነው። የብሩ ፈሳሽ ክሎሪኑን ብቻ ቆጥሮ ሌላውን ስለሚያልፈው ውሃው ካለበት በታች ጨዋማ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ በእነዚህ ሐይቆች ላይ ንጥረ ነገሮቹ አንድ በአንድ ይለካሉ፣ ከዚያም ይደመራሉ።